ሟች ባለቤቴ ለምርመራ ስለምትቀርብበት ሁኔታ

ለተከበሩ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ቦርድ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕፃን እንቅልፍ የሰመረ ይሆንልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ከእኛ ቤት እንቅልፍ ከወጣ ሰንብቷልና፣ የእኛም ድርሻ ተጨምሮ እርስዎ ዘንድ ሳይገኝ እንደማይቀር እገምታለሁ።

እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ ሽማግሌ ነኝ። በሥራ ዘመኔ በሐሰት የተከሰሰም፣ አጥፍቶ ያመለጠም፣ ከሳሽና ተከሳሽ ታርቀው ዳኛውን በአንድ አፍ የሰደቡበትም መዝገብ በእጄ አልፏል፤ ሟች በአካል ቀርባ ቃሏን ትስጥ የሚል ውሳኔ ግን ከቦርድዎ በቀር ያሳየኝ የለም። ዕድሜ ደጉ!

ነገሩን ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚያነብ ሁሉ ይረዳው ዘንድ ከሥሩ ልጀምር። በእኔና በባለቤቴ እጅ ያደገችው የልጄ ልጅ፣ ገና በጨቅላነቷ ክር ያለቀበትን ማጠንጠኛ በአያቷ ደረት ላይ ደግፋ «እማማ፣ ዝም በይ፣ ልብሽ እያወራኝ ነው» ትል የነበረች ልጅ፣ ሐኪም ለመሆን በቦርድዎ ፈተና ተቀመጠች። ፈተናው ከተጋመሰ በኋላ አንድ ፈታኝ ወረቀቷን ነጥቆ ከአዳራሽ አስወጣት። በውሳኔዎ እንደተጻፈው ጥፋቷ «ከንፈሯን እያንቀሳቀሰችና ወለሉን በእግሯ እየመታች፣ በአዳራሹ ውስጥ ከሌለ ሰው ጋር መልስ ስትለዋወጥ መገኘቷ» ነው። ፈታኙ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ቢላት፣ መዋሸት አልተማረችምና «ከአያቴ ጋር» ብላ መለሰች። ቦርድዎም ይህን እንደ እምነት ቃል ወስዶ ውጤቷን ሰረዘ፤ ተባባሪ የተባለችው አያቷ በአካል ቀርባ ቃሏን እስክትሰጥ ድረስም ለማናቸውም ፈተና እንዳትመዘገብ አገዳት።

ባለቤቴ ከፈተናው አስቀድሞ፣ በዝናቡ ወራት፣ አርፋለች። የሚቀጥለው ፈተና ምዝገባ ደግሞ ሊዘጋ ተቃርቧል። እንግዲህ የልጅቱ ዕጣ በእርስዎና በባለቤቴ መካከል የቀረ ጉዳይ ነው፤ ከሁለታችሁም እስካሁን ለተጠየቀችው መልስ በመስጠት የምትታወቀው እሷ ብቻ ናት።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደ ወጉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቀመር ሁሉ በቃል እንዲያዝ ስላዘዛችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ የተማርሁት መምህር አለንጋ ይዞ ከጀርባ በሚቆምበት ዘመን ነውና፣ ትምህርት ከአፍ ካልወጣ ከልብ እንደማይገባ አውቃለሁ። ልጅቱም በዚሁ ሥርዓት ከበሩ እስከ ቁምሳጥኑ እየተመላለሰች ድምጿን ከፍ አድርጋ ታጠና ነበር፤ ቤታችን ጠባብ በመሆኑ መንገዷ በባለቤቴ የስፌት መኪና አጠገብ ያልፋል። ባለቤቴ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ፊደል ቆጥራለች፣ ፊዚክስ ግን በደጇም አልፎ አያውቅ። አንድ ቀን ልጅቱ «ፒ ቪ እኩል ይሆናል» ብላ ቀጥ ስትል፣ ባለቤቴ ዓይኗን ከጨርቁ ጠርዝ ሳታነሳ «ኤን አር ቲ! ከጠዋት ጀምሮ ስትደጋግሚው ውለሽ አሁን ጠፋሽ?» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ የቀመሩ ግማሽ የልጅቱ፣ ግማሹ የአያቷ ሆነ፤ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ክሯን በጥርሷ በጥሳ ትጨርሳለች።

ባለቤቴ ያልገባትን ነገር ባዶ አትተወውምና፣ ፒና ቪን ባልና ሚስት፣ ኤን አር ቲን ደግሞ ሦስት ልጆቻቸው አድርጋ ቤተሰብ መሥርታላቸው ነበር። ልጅቱ «አር እኮ ምንም ቢመጣ የማይለወጥ ቁጥር ነው» ብላ ብታስረዳት «እንደ አያትሽ በይኛ!» ብላ መኪናውን አስነሳችው። እኔ በወዲያኛው ክፍል ጋዜጣ ይዤ ይህን ሁሉ እሰማ ነበር፤ አልተለወጥሁም። «አሲድ ሲደመር ቤዝ» ለሚለውም «ጨውና ውሃ» ብላ ትመልስና «እሱማ እንባ ነው፤ ለዚህም ትምህርት ቤት ያስፈልጋል?» ትል ነበር።

ሁለተኛ፦ በእግር ስለተሰጠው ምልክት። ልጅቱ ቀመሩን የያዘችው በመኪናው ፔዳል ምት ነው። አያቷ የቀሚስ ዙሪያ ስትሰፋ ረጅም ረጅሙን፣ እጅጌ ስትገጥም አጭር አጭሩን ቀመር ይዘው ይወርዱ ነበርና፣ ያ ምት ሲጠፋ ቃሉም አብሮ ይጠፋባታል። በአዳራሹ ሲጨንቃት እግሯ በራሱ ጊዜ ፔዳሉን መፈለጉ ምን ያስገርማል? ፈታኝዎ ግን ንቁ ሰው በመሆኑ የተደበቀ መሣሪያ ፍለጋ ጫማዋን አስወልቆ ሶሉን ገነጠለው። ጫማውን ስለመለሳችሁልን እናመሰግናለን፤ ሶሉ ማስረጃ ነው ተብሎ ከፋይሉ ጋር ታሽጎ ቀርቷል። በዝናብ ቀን ልጅቱ በአንድ እግሯ ቦርድዎን ታስታውሳለች።

ሦስተኛ፦ ሟቿ መልስ ታቀብላለች መባሉን ፍጹም ሐሰት ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም። ባለቤቴ ከታመመች በኋላ የምታውቀው ነገር ሁሉ ተራ በተራ ጥሏት ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የልጆቿ፣ በመጨረሻ የእኔ ስም ሄደ፤ ቅር ብሎኝ እንደሆነም የቦርድዎ ጉዳይ አይደለም። ቀመሩ ግን አብሯት ቀረ። ያረፈች ዕለት ዘመድ አዝማድ አልጋዋን ከቦ ኑዛዜ ሲጠባበቅ፣ ልጅቱ ከግርጌ ቆማ፣ ሌላ የምትለው ነገር ቢጠፋት፣ «ግማሽ ኤም» አለች። ባለቤቴም ዓይኗን ሳትገልጥ «ቪ ስኩዌር» ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ታላቅ እህቴ እስከ ዛሬ «ማንን ነበር የጠራችው?» እያለች ታስጨንቀኛለች።

አራተኛ፦ ለይግባኝ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በሄድሁ ጊዜ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ያሳየችኝን ትሕትና ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የሞት ምስክር ወረቀቱን አገላብጣ ካየች በኋላ «አባባ፣ ይሄ እኮ መሞታቸውን ነው የሚያሳየው፤ መቅረብ አለመቻላቸውን የሚገልጽ የት አለ?» አለችኝ። የሞተ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ አለው ብላት፣ ጥቂት አሰብ አድርጋ «እንግዲያው ወኪል ይላኩ» አለችና ከኋላዬ የቆመውን ባለጉዳይ ጠራች። ምክሯን ንቄ አልተውሁትም፤ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ቤታችን ሁኔታ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ልጅቱ እገዳው ይነሣል ብላ ዛሬም ታጠናለች። ከበሩ ትነሣለች፣ ሽፋኑን ከለበሰው መኪና አጠገብ ስትደርስ የቀመሩን ግማሽ ብላ ትቆማለች። ዝም ይላል። ጥቂት ከጠበቀች በኋላ፣ እንደተመለሰላት ሁሉ፣ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቁምሳጥኑ ታልፋለች፤ ከዚያ ሌላ ትጀምራለች። እኔ መንፈስ የሚባል ነገር የሰነፍ ወሬ ነው ብዬ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ያን ዝምታ ደጋግሞ የሰማ ሰው ባዶ ነው ብሎ አይፈርምም። ዝምታው ሁልጊዜ እኩል አይረዝምም፤ ለረጅሙ ቀመር ይረዝማል፣ ላጭሩ ያጥራል።

በቀደም በጠራራ ፀሐይ «አሲድ ሲደመር ቤዝ» ብላ ቆመች። ያን ዕለት ግን ዝምታው ከልኩ አለፈ፤ ልጅቱም ራሷን አልነቀነቀችም፣ ወደ ቁምሳጥኑም አላለፈችም። ከወዲያኛው ክፍል «ጨውና ውሃ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ የእኔ ድምፅ ነበር። ልጅቱ በበሩ ብቅ ብላ አየችኝና፣ ሳትቆጣም ሳትስቅም፣ «አባባ፣ ቀደሟት እኮ!» አለችኝ። ጋዜጣዬን መልሼ ባነሣም ማንበቡ አልሆነልኝም።

ስለሆነም የምለምነው አጭር ነው። ምዝገባው ሳይዘጋ የልጅቱ እገዳ ይነሣላት። ፈልጋ ያጣችውን ቃል ከራሷ ልብ እንጂ ከማንም አልተቀበለችም፤ ያ ልብ የማን ድምፅ እንዳለበት መመርመርም የፈተና ቦርድ ሥልጣን አይደለም። ይህን ማድረግ ክብራችሁን የሚነካ መስሎ ከታያችሁ የመስሚያ ቀን ቁረጡ፤ በመስኮቱ ሠራተኛ ምክር መሠረት የሟች ባለቤቴ ወኪል ሆኜ እቀርባለሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቴን ይዣለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ውክልና አላውቅም። ጠያቂያችሁ የፈለገውን ቀመር እስከ ግማሽ ይበል፣ እኔ እጨርሰዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ መምህሬ ሕያው ቢሆን በማያፍርብኝ መጠን አጥንቻለሁ። ሐኪሞችን የሚመርጥ ቦርድ ሕያውንና ሙትን ለመለየት ማኅተም የሚያስፈልገው ከሆነ ግን፣ ልጅቱን ቶሎ ብታስገቧት ለራሳችሁም የሚበጅ ይመስለኛል።

የወንበርዎ እግር እንዲጸና፣ ብዕርዎ እንዳይደርቅ፣ የሚወዱት ሰው ሁሉ ሲጠሩት የሚመልስልዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበትዎታለሁ።

የእጩዋ አያት፣
የተባባሪዋ ባልና ሕጋዊ ወኪል፣
ምንም ቢመጣ የማይለወጠው፣
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ በመስሚያው ቀን ጠያቂያችሁ የቀመሩን ግማሽ ብሎ ሲያቆም ጥቂት ይታገሥ ዘንድ አደራ እላለሁ፤ ባለቤቴ ክሯን ሳትበጥስ አትመልስም። እኔ አፌን ሳልከፍት ምላሽ ከተሰማ፣ ተባባሪዋ ቀርባ ቃሏን መስጠቷን መዝግባችሁ እገዳውን በዚያው ቀን አንሡልኝ። ወለሉ ላይ የእግር ምት ቢሰማችሁም ጫማ ለማስወለቅ አትድከሙ፤ ባለቤቴን የቀበርናት በባዶ እግሯ ነው።