ከምስክርነቱ በኋላ የመጣው ውጤት

አምቦ፣ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጌዶ እንዴት ናት? አንተስ፣ ባለቤትህ ካሰችስ፣ ልጆቹስ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። አከም ጅርታ ብዬ በስልክ እንዳልጠይቅህ ቁጥሬን ስታይ ትዘጋዋለህ፤ ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብህ።

የምትሸሸውን ልንገርህ። ከተረከዝህ ተቆርጣ አዲስ አበባ የተላከችው ጥቁር ቁራጭ ውጤቷ መጥቷል። የቆዳ ካንሰር ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ የሰው ውጤት ሳነብ ደንግጬ አላውቅም፤ የአንተን ሳነብ ግን ቁጭ አልኩ። ሕዋስ ሊባዛ ሲል የሚታይ ፕሮቲን አለ፤ በአንተ ቁራጭ ላይ በዝቷል። እንዲህ የሚበዛባቸው ሰዎች ሕመሙ ቶሎ ሊመለስባቸው ይችላል። ቢሆንም ይህ ከብዙ ሕመምተኛ ታይቶ የሚነገር እንጂ የአንተን ዕድሜ የሚቆርጥ አይደለም። እኔ የተረዳሁት መፍጠን እንዳለብን ነው።

ለማንም ያልተናገርከው፣ ካሰች ግን አይታ የነገረችኝ የብሽሽትህ ዕብጠትም አለ። ለሐኪሙ ስነግረው፣ ሕመሙ ሌላ ቦታ ካልሄደ ዕብጠቱን እናወጣዋለን፣ መድኃኒትም አለ፣ ብቻ ዛሬ ነገ አትበሉ አለኝ።

ምን እንደያዘህ አውቃለሁ። ቁስሉ ሲደርቅ፣ ውጤቱ ሳይመጣ፣ ጉባኤው ፊት ቆመህ ተፈውሻለሁ ብለህ መሰከርክ። እልል ተባለልህ። አሁን ሆስፒታል ብትታይ ጌታን ውሸታም የምታደርገው መሰለህ። አንተን ሳላውቅህ ቀርቼ ነው? መጋቢ ሂርጳን ጠየቅኳቸው፤ ከተቆጣህም ተቆጣ። ሳቁብኝ፤ እኔስ ስለ ጨጓራዬ መስክሬ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ተኝቼ የለም ወይ አሉኝ። ቁስልህ ደርቆ ነበር፤ የመሰከርከው እውነት ነው። ስላልመጣው ውጤት ግን መስክር ያለህ የለም።

አልፈራሁም ብዬ አልዋሽህም። በልጅነታችን ጭልሞ ጫካ ውስጥ ስንጠፋ መንገዱን የምታገኘው አንተ ነበርክ፤ ዘንድሮ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ልቤም ሙሉ ነው።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ የሐኪሞቹን እጅ ይባርክ። ይህን ያደረሰልህ የባለቤቴ ወንድም ፍሮምሳ የመኪናውን ሞተር አላጠፋም። አንብበህ ስትጨርስ ልብስ ፍለጋ ጓዳ አትግባ። ካሰች ልብስህን ሸክፋ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች።

ታናሽ እህትህ