ሳይለቀለቅ የቀረው የመደቡ ጫፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ለምወድሽ ልጄ ለሰርክአዲስ፤ በሰው አገር በዱባይ ባለሽበት፣ ሰማይና ምድርን የዘረጋ ጌታ ጤናና ሰላሙን ያብዛልሽ። እንደ ምን ከረምሽ? በሳሙና ይቆስል የነበረው እጅሽ ጠገገልሽ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? የምታገለግያቸው ሰዎች ፊታቸው ይፈታልሻል? እኛ፣ አምላከ ቅዱስ ላሊበላ ይመስገን፣ ከእናትሽ ጉልበትና ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። ገብሱም ዘንድሮ ዓይን ይሞላል።

ከአዲስ አበባ አስገዝተሽ የላክሽው ሶፋ በአይሱዙ ተጭኖ በደኅና ደርሶናል። ከደረሰ በኋላ የሆነውን በስልክ ልነግርሽ እያሰብሁ ድምፅሽን ስሰማ እሳሳለሁ፤ ስለዚህ ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ። እንዳይከፋሽ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ቤታችን እንደምታውቂው ክብ ነው፤ ሶፋው ደግሞ ማዕዘን ያለው ነገር ነው። ወንድምሽ በእውቀቱ አንቺን ደስ ሊያሰኝ ቸኩሎ፣ “እትዬ የላከችው ደጅ አያድርም” ብሎ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞረውን የጭቃ መደብ ግማሹን በዶማ አፈረሰው። እኔም አጠገቡ ቆሜ በርታ እለው ነበር።

የጥቅምት ማርያም ዕለት ማኅበሩ በእኛ ቤት ነበረ። ወትሮ በመደቡ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከሚቀመጡት የሚበዙት ቆመው ቀሩ። ካህናቱ ሶፋው ውስጥ ሰጥመው ጉልበታቸው ከአገጫቸው እኩል ሆነ። ከአሸተን ማርያም ቁልቁለቱን የወረዱት የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው አቶ ወንዴ፣ እግራቸው ጭቃ ነበርና ከበሩ ሳያልፉ፣ “መሪጌታ፣ ይህን እንቀመጥበት ወይስ እንሳለመው?” አሉኝ። ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ጎረቤታችን ባንቺዓለም ግን ከሣቁ ውስጥ አልነበረችም። ጠላዋን ይዛ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ግቢ ብላት፣ “ልብሴ የከብት ሽታ አለው፤ የልጅቱን ዕቃ አላበላሽም” አለችኝ። አንቺን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት በቤታችን ባይተዋር ሆነች።

በማግሥቱ ከእናትሽ ጋር መከርን። ከሶፋው አንዱን መቀመጫ ለጉልበቷ አስቀረን፤ የቀረውን ከብልባላና ከየቀበሌው መጥተው የመውለጃ ቀናቸውን ለሚጠብቁ ሴቶች፣ ለእናቶች ማቆያው ሰጠን። ስምሽን ሳያውቁ ወገባቸውን እያሳረፉ ይመርቁሻልና ስጦታዬ ተናቀ አትበይ። መደቡን መልሰን ልንሠራ ስንነሣ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ጭቃና ጭድ ረገጠ፤ ባንቺዓለም እጅጌዋን ጠቅልላ ከሁሉ ቀድማ ገባች።

አሁን በልቤ ያለውን ልንገርሽ። ታኅሣሥ ላይ የሥራ ውልሽ ሲያልቅ፣ ይህን ቤት አፍርሰሽ ባለ መስተዋት ፎቅ ልትሠሪልን ብለሽ ሌላ ውል ልትፈርሚ እንዳሰብሽ ሰምተናል። ልጄ፣ አትፈርሚ። እኔ በቆሎ ተማሪነቴ ንብረቴ ሁሉ በአንድ የአኩፋዳ ከረጢት ይገባ ነበር፤ ድጓውን መሸከም የቻልሁት ትከሻዬ ሌላ ሸክም ስላልነበረበት ይመስለኛል። ሌላው ሕንጻ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ይቆማል፤ ማለዳ ማለዳ የምሳለመው ቤተ መቅደስ ግን ከዓለቱ ትርፉ እየተነሣ የተገኘ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቆሜ ስዘምርበት ኖሬ፣ ይህን ያስተዋልሁት የመደቡን ፍርስራሽ ስጠርግ ነው። ድህነትን አላሞግስልሽም፤ ረኀብ ማንንም አላጸደቀም፤ አንቺም በላብሽ ከረኀብ አውጥተሽናል። ከበቃን በኋላ የሚጨመረው ዕቃ ግን የሰውን መቀመጫ ይወስዳል። ከዚህ ቤት የጎደለ አንድ ነገር ቢኖር አንቺ ነሽ፤ አንቺን ደግሞ አይሱዙ ጭኖ አያመጣልንም። በእግርሽ ነይ። ለልደት ነይ።

በእውቀቱ ይህን ወረቀት በስልኩ አንሥቶ የሚልክልሽ እርሱ ነውና ሰላምታውን ራሱ ይጨምርበታል። ታናሽ እኅትሽ ፀደይ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። ባንቺዓለም፣ “ጀርባዬ ዛሬም ሰፊ ነው በሏት” ብላለች። አቶ ወንዴም ሶፋውን ሳልሳለመው አመለጠኝ እያሉ ናፍቆታቸውን ልከዋል። እናትሽ አመተ ማርያም ጉንጭሽን ትስማለች፤ እርሷን ያስለቀሳት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕፃን ሳለሽ በእርጥቡ ጭቃ ላይ መዳፍሽን ያተምሽበት፣ ከበሩ ጎን የነበረው ምልክት ከመደቡ ጋር ፈርሷል። ለኪዳን ስትወጣ በጣቷ ዳሰስ አድርጋው ነበር የምታልፈው። አዲሱን መደብ ለቅልቀን ስንጨርስ ያን ጫፍ እንዳትነኩብኝ ብላ ከለከለችን። ጭቃው ተቦክቶ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ ከደጅ እጅሽን ይጠብቃል።

አባትሽ መሪጌታ ወልደ ሰንበት
ላሊበላ፣ ኅዳር ፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.