ቢጫው ሳይለቅ

ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? የእግርህስ እብጠት እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። የማጂ ስልክ ከጠፋ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ በቀን ሃያ ጊዜ ስደውል ያቺ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ብቻ ትለኛለች። ስለዚህ ሹፌሩ ፍሬአብ ነገ ይህን ደብዳቤ ያደርስልሃል። ሌላውን ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር እሺ በለኝ። ለጉልበትህ የምትወስደውን ክኒን አሁኑኑ ተው። ዛሬ ማታ የምትውጣትም ብትሆን ትቅር።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አስተማሪ ስለነበርክ ያለ ምክንያት የታዘዝከው ነገር አይዋጥልህም።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ለኩላሊት ምርመራ የምንጠቀምበት፣ ከባክቴሪያ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም አለ። ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚጠራቀመውን ቆሻሻ ከሌሎች ኢንዛይሞች ጋር እየተቀባበለ ይሰባብረዋል፤ በመጨረሻ ፈሳሹ ሮዝ ይሆናል። ሮዙ በደመቀ ቁጥር ኩላሊቱ ታሟል ማለት ነው፤ መሣሪያው የሚያነበውም ይህንኑ ነው። ኢንዛይሙ ራሱ ግን ቢጫ ነው። ፍላቪን የሚባል፣ ከቫይታሚን ቢ ሁለት የሚሠራ ነገር ተጣብቆበታል፤ ያለ እሱ አይሠራም። ተማሪ ሳለሁ ወድጄው «ቢጫዬ» እለው ነበር። ሙቀት አይችልም፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ከሰነበተ ይሞታል።

ባለፈው ወር መጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሦስት ቀን ዘግተን ስንሄድ መብራት ጠፍቶ ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ስገባ ፍሪጁ ለብ ብሏል። ጠርሙሷን አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየኋት፤ ቢጫነቷ እንዳለ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና አለን፤ በየጠዋቱ መጀመሪያ እሱን ሠርተን ነው ሌላውን የምናምነው። እሱ አልቆ ነበር። ለአለቃዬ ለጋሽ ገሠሠ መንገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። ቢጫው ካለ ኢንዛይሙም አለ ብዬ ሥራ ጀመርኩ።

ኋላ ነው የገባኝ። ኢንዛይሙ ሲሞት ፍላቪኑ ተላቆ እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፤ ፍላቪን ደግሞ ብቻውንም ቢጫ ነው። ላዩ አማረ እንጂ ውስጡን ለቄስ። የሞተ ኢንዛይም ሮዝ አያወጣም፤ ሮዝ ከሌለ መሣሪያው ሁሉንም ሰው ጤነኛ ይለዋል።

አንተ የመጣኸው በማግስቱ ነው። የጫማህን ማሰሪያ ፈትተህ «ጫማው ነው የጠበበው እንጂ እግሬስ ደህና ነው» እያልክ ታስቀኝ ነበር። የማጂው መኪና ሊነሳ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል። በቁሜ ሠርቼ ወረቀቱን ሰጠሁህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ኩላሊትህ ደህና ነው ብዬ ያንን የታመመ ኩላሊት የሚጎዳ ክኒን ሁለት ፓኮ ገዝቼ ኪስህ የከተትኩትም እኔው ነኝ። መኪናው ውስጥ ለተቀመጡት ሁሉ «የልጄ እጅ አይሳሳትም» ስትል በመስኮቱ ሰምቼሃለሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሰኞ ማናልሞሽ የምትባል የሸኮ ሴት ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ በሰው ተደግፋ መጣች። የላካት ሐኪም እኛ በሰጠናት ውጤት ጀርባ «ይህ ወረቀትና ይህች ሴት አይተዋወቁም» ብሎ ጽፎበታል። ለጋሽ ገሠሠ ሁሉንም ነገርኩት። «ስንት ሰው ነው?» ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሥራ ሁለት ናችሁ። አሥራ አንዱን በስልክም፣ በባጃጅም፣ በእግርም ፈልገን አገኘናቸው። የቀረኸው አንተ ነህ።

ትናንት አዲሱ ኢንዛይም ከታወቀው ናሙና ጋር በበረዶ ታሽጎ ደረሰ። ከደምህ የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬው ስለነበር መጀመሪያ የታወቀውን ናሙና፣ ቀጥሎ ያንተን ሠራሁ። ቁጥሩን በደብዳቤ አልጽፈውም፤ ስትመጣ አጠገቤ አስቀምጬ እነግርሃለሁ። ያ ወረቀት መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። አውጣና ቅደደው።

ፍሬአብ ቅዳሜ ሲመለስ የፊት ወንበሩን ይዞልሃል። «ጤፉ ሳይታጨድ» እንዳትለኝ፤ ጤፉን ጎረቤት ያጭደዋል። ከዚህ አልፈን አዲስ አበባ መሄዳችን ስለማይቀር የሚበቃህን ልብስ ያዝ። ብትናደድብኝ መብትህ ነው፤ ግን መኪናው ውስጥ ሆነህ ተናደድ። አባዬ፣ ፈርቻለሁ። እባክህ ና።

ጌታ መንገዱን ያቅናልህ፤ እኔ ዘንድ እስክትደርስ በእጁ ይያዝህ።

ልጅህ ትሕትና

ፖስታውን ሳላሽግ፦ በአዲሱ ኢንዛይም የራሴንም ደም ሠርቻለሁ፤ የታወቀውን ናሙና አስቀድሜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሳልቸኩል። የደማችን ዓይነት አንድ ነው። ኩላሊቶቼም ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።