አክስት ተብሎ ይጻፍ

ጥር 9

ዛሬ ሦስት የሙሽራ ቀሚስ አሳጠርኩ። ሦስተኛዋ ሙሽራ እናቷን፣ የእናቷን ጓደኛና የጓደኛዋን ልጅ አስከትላ መጣች። አራቱም አራት ዓይነት ቁመት ፈለጉ። ለማንም ሳልናገር በራሴ ግምት ቆረጥኩት... አራቱም «ያልኩት ሆነ» ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። በዚያ የልብስ ስፌት ሱቅ እጅ ያለኝ እኔ ነኝ። ለራሴ ስለምጽፍ አላፍርም።

ግራ እግሬ ግን ከሰዓት በኋላ እንደገና ደነዘዘ። ከሥራ ወጥቼ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። የአከርካሪዬን ፎቶ አንስቶ አንድ ቦታ በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገ። ሚያዝያ 20 ቀዶ ጥገና። ቢዘገይስ? ከዘገየ እግሩ እንደደነዘዘ ሊቀር ይችላል አለ። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ሁለት ወር ተኩል ከማንቆርቆሪያ የከበደ ነገር ማንሳት የለም። ቤት ውስጥ የሚያግዝ ሰው መኖሩን ካላረጋገጥኩ ቀጠሮው ለሌላ ይሰጣል።

ልጄ፣ የእኔዋ ፌንጣ፣ አራት ዓመቷ ነው። ስሟ ሌላ ነው፣ ሥራዋ ግን ፌንጣ ነው። ከአልጋ፣ ከመታጠቢያ ገንዳ፣ ከደረጃ ላይ ስትዘል ነው የምትውለው። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር፤ በሳምንት አምስት ቀን መንገድ ላይ። ማን አለኝ?

አሉኝ እንጂ። እትዬ።

ጥር 10

ደወልኩላቸው። የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። እናቴ እትዬ ትላቸው ስለነበር ለእኔም እትዬ ሆነው ቀሩ። እናቴ ስትሞት ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ያሳደጉኝ እሳቸው። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት፤ ዛሬም ስልክ ሲያነሱ ወገባቸው ቀጥ ሲል የሚታየኝ ይመስለኛል። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» እኔ መሆኔን እያወቁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ሰው አቋርጠው አያውቁም። ስጨርስ፣ «ምን ምን ወረቀት ነው የሚፈልጉት? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ እጽፋለሁ» አሉ። ላስብበት እንኳ የለም። ከተወለዱባት ከተማ ወጥተው የማያውቁ ሴትዮ፣ እኔ ያለሁበት ባዕድ አገር ድረስ!

ጥር 17

የጉብኝት ቪዛው ማመልከቻ አለቀ። የግብዣ ደብዳቤ፣ የባለሱቋ የምስክር ወረቀት («እንደሷ ያለች ልብስ ሰፊ የለኝም» ብላለች፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት)፣ የሐኪሙ ደብዳቤ፣ የልደት ወረቀቴ። ቅጹን የሞላሁት ፌንጣ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነው። «ከጋባዥ ጋር ያለ ዝምድና» ይላል። እናት ብዬ ጻፍኩ። ቀጠልኩ።

የካቲት 12

ተከለከሉ።

የካቲት 13

ትናንት መጻፍ አቃተኝ። ደብዳቤው አጭር ነው። በማመልከቻው ላይ የተገለጸው ዝምድና ከቀረበው የልደት ወረቀት ጋር አይጣጣምም፤ ስለዚህ የቀረበው መረጃ አያሳምንም ይላል።

እናት! የልደት ወረቀቴ ላይ የእናቴ ስም አለ። ሌላ ሴት። በገዛ እጄ አያይዤ ላክሁት። ሳላስብ ነው... አይ፣ አስቤ ቢሆንም ያንኑ እጽፍ ነበር። ሌላ ምን ልበላቸው? ባሌ ከመንገድ ደውሎ ሳቀብኝ፣ ቀጥሎ «በቃ እኔ ሥራ አቆማለሁ» አለ። ሥራ አቁሞማ በምን እንኖራለን።

ለእትዬ መንገር ፈራሁ። ነገርኳቸው።

«እናት ብለሽ ጻፍሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እናትሽ እኅቴ ናት። እኔ ቦታዋን አልወሰድኩም። ባዶም አልተውኩትም። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ልጄ።»

ልጄ ማለታቸውን አልተዉም ግን።

የካቲት 16

ባሌ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ይዞ መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው፣ ለመሄድ እንደተነሳ ዓይነት። ቀላል ነው አለ። አንድም እትዬ በልጅነቴ በሕግ በጉዲፈቻ ወስደውኛል የሚል ወረቀት ያሠራል፤ አንድም ሌላ ማመልከቻ አስገብተው ለሽርሽር ነው የምሄደው ይላሉ፤ ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር አይነሳም። «ኤምባሲው መስኮት ላይ ያሉት ሰዎች እውነት አይወዱም» አለን።

ልቤ አዘነበለ። እውነቱን ልናገር፣ አዘነበለ። ሁለት ወር ነው የቀረኝ፣ እግሬ ደግሞ ዛሬ ደረጃው ላይ ከዳኝ።

በድምፅ ማጉያ አድርገን እትዬን ደወልንላቸው። ሰውዬው አስረዳቸው፣ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ በትሕትና፣ «ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ፤ እኔ ልጅ ላግዝ ነው የምሄደው፣ ሽርሽር አይደለም» አሉት። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ሊቀጥል ሞከረ። ሁለት ጊዜም «አመሰግናለሁ» አሉት። ሲሄድ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

የካቲት 21

እትዬ ከጎረቤት ልጅ ስልክ ፎቶ ላኩ። አሥራ ሁለት። አንድ በአንድ ሲገቡ ምን እንደሆኑ አልገባኝም... ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉት የውጤት ካርዶቼ ናቸው። ሁሉንም አስቀምጠዋቸዋል።

ከኋላ የአሳዳጊ ፊርማ የሚል ቦታ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት፣ በአሥራ ሁለቱም ላይ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው፦ አክስት። አክስት። አክስት። ሥራ ውለው፣ ደክሟቸው፣ ያቺን ቃል አንድም ቀን ሳይዘሉ።

የሦስተኛ ክፍሉ ላይ ግን ጉድ አለ። አክስት የሚለው በእርሳስ ተሰርዟል። ከላዩ በተንጋደደ የልጅ ጽሕፈት «እናት» ተብሏል። የእኔ እጅ ነው! ረስቼዋለሁ። ከሥሩ ደግሞ እንደገና በእሳቸው እስክሪብቶ «አክስት»፣ ፊርማና ቀን። ሳይቆጡኝ አርመውታል ማለት ነው። ያኔም ያው ስህተት፣ ያኔም ያው አራሚ።

ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፌንጣ የእጅ ፎጣ አምጥታ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ።

የካቲት 23

አዲሱን ደብዳቤ ጻፍኩ። አምስት ጊዜ ቀደድኩት። አክስት የምትለዋ ቃል እጄ ላይ ከበደችኝ፤ ያሳነስኳቸው፣ የካድኋቸው መሰለኝ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ባለፈው ማመልከቻ እናት ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። አክስቴ ናቸው። አሳድገውኛል። ማስረጃው አሥራ ሁለት ዓመት በእጃቸው የፈረሙት ነው።

የሦስተኛ ክፍሉን ላስቀረው ወይስ ልላከው? ላክሁት።

መጋቢት 14

ዛሬ እትዬ ኤምባሲው ለቃለ መጠይቅ ቀረቡ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ስልኬን ቀሚስ ሥር ደብቄ ሠራሁ። ባለሱቋ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ደወሉ። ከመጀመሪያው ጀምረው፣ አንድም ነገር ሳይዘሉ ነገሩኝ። ከፊታቸው የነበረ ወጣት ሦስት ጥያቄ ተጠይቆ ወጥቷል። እሳቸውን ሃያ ደቂቃ አቁመዋቸዋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ጥያቄ ስትጠይቅ አስተርጓሚው እስኪጨርስ ጠብቀዋል፤ አብረውኝ የቆሙት ሁሉ ሲሽቀዳደሙ ነበር አሉ፣ ትንሽ ኮራ ብለው።

ለምን መጀመሪያ እናት ተባለ ብላ ጠየቀቻቸው።

«የተጻፈው ከልቧ ነው፣ ውሸት አይደለም። መዝገብ ግን ልብ አያውቅም። አክስት ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ሴትየዋ የሦስተኛ ክፍሉን ካርድ አውጥታ ረጅም ጊዜ አየችው። ይህን ማን ሰረዘው አለች። «ልጅቷ።» ይህን ማን መለሰው? «እኔ።» ከዚያ ሄደው እዚያው እንደማይቀሩ በምን እንመን አለቻቸው። እትዬ ቤት አለኝ፣ ጡረታ አለኝ አላሉም። ሰው ሁሉ የሚለውን! «ልጅቷ በእግሯ ስትቆም ሥራዬ ያልቃል። የምመለስበትን ቀን ጻፊው፤ እኔም ጽፌዋለሁ» ብለው ማስታወሻ ደብተራቸውን በመስታወቱ አሳዩዋት።

መልሱ በፖስታ ይመጣል ተባሉ። ምን ይሆን? እኔ ግን ዛሬ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም... ሱቅ ውስጥ ለሚገባው ሁሉ ልናገር ትንሽ ነው የቀረኝ። የእኔ ሰው ናቸው።

መጋቢት 29

ዘጠና ቀን! ዘጠና ቀን ፈቅደውላቸዋል!

ሚያዝያ 16

መጡ። በአንድ ሻንጣ። ከአውሮፕላን ሳይሆን ከሥራ የሚመለሱ ይመስላሉ፤ ፀጉራቸው ንቅንቅ አላለም። ፌንጣ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና «አንቺ ነሽ እትዬ?» አለች። «እኔ ነኝ። አንቺስ ማን ልበል?» አሏት። ልጅቱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ሙሉ ተናገረች።

ሚያዝያ 20

ቀኑ ደረሰ፤ ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነው። ነርሷ መጣች። እትዬ በር ላይ ቆመዋል።

ግንቦት 11

ቤቱ መስመር ያዘ። ፌንጣ ለመታጠብ ትሰለፋለች። ብቻዋን! ባሌ ከመንገድ ሲደውል «ማን ልበል?» ይባላል፤ እሱም ሹፌርነቱን ጨምሮ ያስተዋውቃል። ሲስቅ ይሰማኛል።

እትዬ መታጠቢያ ቤት ደገፍ አድርገው ይወስዱኛል። በር ላይ ሲደርሱ ይለቁኛል። «ከዚህ ወዲያ አንቺ ነሽ።» እንዴት ተናደድኩ የመጀመሪያ ቀን። ዛሬ ግን ሦስት እርምጃ ያለ ግድግዳ።

ሰኔ 24

ሐኪሙ እግሬን መታ መታ አደረገ። ተሰማኝ፣ ጣቶቼ ድረስ። «እንቅስቃሴ የሚያሠራሽ ማነው?» አለ። እትዬ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፍተው በየቀኑ ስንት እርምጃ እንደሄድኩ አነበቡለት። ለሌሎቹ ታካሚዎች ላሳይ ብሎ ፎቶ አነሳው። በታክሲ ውስጥ የተንጠባረርኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 8

ጥል ተጣላን። የተፈቀደላቸው ዘጠና ቀን ሳይሞላ፣ አራት ቀን ቀድመው የመመለሻ ትኬት ቆርጠዋል። ባሌ ማራዘም እንደሚቻል አጣርቷል፣ የሐኪም ደብዳቤም ይገኛል። ለመንኳቸው። የልጅ ለቅሶ አለቀስኩ። ነገ ወደ ሥራ ልመለስ ነው፣ ድኛለሁ፣ እና ስለዳንኩ ነው ትተውኝ የሚሄዱት? ይህን አልኳቸው እንኳ። አፈርኩ።

ልብሳቸውን እያጠፉ ሰሙኝ። እስከ መጨረሻው።

«ቃሌን የምጠብቀው ለራሴ ክብር ብቻ መሰለሽ? ነገ አንዷ ሴትዮ እዚያ መስኮት ላይ ትቆማለች፣ የእኅቷን ልጅ ልታግዝ። ያቺ የመስኮቷ ሴት ቃሌን መጠበቄን ታስታውሳለች።»

ልብሳቸውን አብሬ ማጠፍ ጀመርኩ።

ሐምሌ 12

ሸኘናቸው። ሻንጣቸውን እኔ ጎተትኩ፤ አልከለከሉኝም።

የአየር ማረፊያው መውጫ ላይ ፓስፖርታቸውን ያየው ወጣት ማህተም መትቶ መለሰላቸው። ዞር አላሉም። ገጹን አይተው መልሰው ሰጡት፣ በጣታቸው አሳዩት። ማህተሙ ደብዝዟል፣ ቀኑ አይነበብም መሰለኝ ያሉት። ሰልፉ ቆመ። ወጣቱ ተቆጣ፣ ሳቀ፣ ድጋሚ መታ። እትዬ ቀኑን አንብበው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ገቡ። ወገባቸው ቀጥ ብሎ። እኔም ሳላውቀው የራሴን አቀናሁ።

ከአጠገቤ ልጁን የሚሸኝ አንድ አዛውንት ሁሉንም ሲያይ ነበር። «እናትሽ ናቸው?» አለኝ።

«አክስቴ ናቸው» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰል፣ ከፊት ያሉት ዞረው አዩኝ።