በቆጮው የተላከከው ሽታ

ሰኞ

ዛሬም ሸተተ። ከጉብሬ ከሥራ ተመልሼ በሩን ስከፍት እሱ ነው የተቀበለኝ። የተበላሸ እንቁላል ዓይነት። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ይብሳል። በረኪና ደፋሁ፤ በሎሚ ፈተግሁ። ለአፍታ ጠፋ፣ ከዚያ ያው።

ባሌ ታምራት አፍንጫ ያለው አይመስልም። «ቆጮው ነዋ» ይለኛል። እናቱ እማማ ዘነበች ከእምድብር ሲመጡ ያመጡት ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ። ቀዝቃዛ ቦታ ይሻለዋል ብለው ነው። እኔ ማርቆስ ከተማ ያደግሁት ስለ ቆጮ ምን አውቃለሁ? ሽታ እንዳለው አውቃለሁ፤ ከክትፎ ጋር ሲቀርብ ሽታው እንደሚረሳም አውቃለሁ።

ሜሮን ዛሬም ገላዋን ስትታጠብ እየዘለለች ዘመረች። ወለሉ ከበሮ ነው ትላለች። እውነትም ድም ድም ይላል። አንደኛ ክፍል ሳትጨርስ ዘማሪ ልትሆንብኝ ነው።

ማክሰኞ

ጉድ ፈላ። ጎረቤታችን አልማዝ መጥታ ገና ሳትቀመጥ አፍንጫዋን ያዘች። ታምራት ሊያስቃት ብሎ «የእናቴ ቆጮ ነው፣ ልመጂው» አላት። እማማ ጓዳ ነበሩ። ሰሙ።

እራት በልተው፣ ጸሎት አድርገው፣ ልብሳቸውን አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመሩ።

ረቡዕ

ሄዱ። ቆጮአቸውን ይዘው ሄዱ!

ታምራት ለመናቸው፣ እኔም እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ። «እቤቴ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት» ብቻ ነው መልሳቸው። ባጃጁ ውስጥ ሆነው ሜሮንን ሳሟት፤ እኛን ዞር ብለውም አላዩን። እንሰቱን የተከሉት እሳቸው፣ የፋቁት እሳቸው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ሲያገላብጡት የከረሙት እሳቸው። ቆጮሽ ገማ ማለት እጅሽ ገማ ማለት አይደል? የታምራትን አፍ በቆረጠው። እኔ እንዲህ አላልኩም። ግን «አይደለም»ም አላልኩም።

ሐሙስ

ክው ነው ያልኩት። ቆጮው የለም። ኮሪደሩን በኦሞ አጥቤዋለሁ። ሽታው አለ!

ታምራትን ከሥራ ቦታው ጠራሁት። የብረት በርና መስኮት ነው የሚሠራው፤ እጁን እንኳን ሳይታጠብ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ፊቱ ተለዋወጠ። «እናቴን በከንቱ አባረርኳት» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልቆጣው አስቤ ነበር፣ አሳዘነኝና ተውኩት።

ዓርብ

የቧንቧ ሠራተኛው ከድር መጣ። የእጅ መታጠቢያውን ሲፎን፣ ከሥሩ ያለውን ጠማማ ቱቦ ፈታ፣ የመጸዳጃውን ሥር አየ፣ የወለሉ ማፍሰሻ ላይ ውሃ ደፋ። ሁሉም ደህና። ከድር ግራ ገባው፣ እኛም ግራ ገባን። ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

ለእማማ ደወልን። አያነሱም።

ቅዳሜ

ሽታው ከየት እንደሆነ ተገኘ።

ከድር እስኪመጣ ጥጋጥጉን ልፈትግ አልኩና የመታጠቢያ ቤቱን የውሃ በርሜል ከታምራት ጋር ገፋነው። ውሃ በየጊዜው ስለሚጠፋ ጢም ብሎ ሞልቶ ነው የሚቀመጠው። ከሥሩ ያለው ሴራሚክ ሰምጧል፤ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ የወጣው ሽታ ወደ ኋላ መለሰን።

ከድር ደርሶ አንዱን ሴራሚክ አነሳ። ከሥሩ ስስ ሲሚንቶ። ከሲሚንቶው ሥር በእጅ የሚፈረፈር የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ግንድ። ረጅም ብረት በቀዳዳው ሰደደ። ብረቱ ወረደ፣ ወረደ፣ መሬት አልነካም። ከእጁ አመለጠው። ከታች ፈሳሽ ውስጥ ቦጭረቅ ሲል ሰማን።

ከድር «ያ አላህ» አለና እየተሳበ በደረቱ ወጣ፤ ለመቆም ፈርቶ ነው።

ልጄ እዚያ ላይ ነው የምትዘለው። ድም ድም ሲል እኔ በር ላይ ቆሜ እስቅ ነበር!

አከራያችንን ጠራናት። አሮጌው ሽንት ቤት እዚያ እንደነበር፣ በግንድ ደፍነው ሊሾ እንዳደረጉበት ነገረችን። ለእንግዳ ስለ ቤቱ ታሪክ የምታወራ ነው የምትመስለው። «ይኸው ስንት ዘመን ምንም ሳይሆን!» ትለኛለች። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው አልማዝ ናት ጎትታ ያስወጣችኝ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስብከቱን አልሰማሁም። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ቀዳዳው ነው።

እማማ ስልኩን አነሱ። ታምራት ሁሉንም ነገራቸው፤ መሀል ላይ ስልኩን አቀበለኝ፣ እኔ ጨረስኩት። መጀመሪያ የጠየቁት «ልጅቷስ?» ነው። ደህና ናት ስላቸው «በሉ ቆጮዬን ይቅርታ ጠይቁት» አሉ። ስቄ ላልፈው ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ስለዚህ ስልኩ ላይ፣ እኔም ታምራትም፣ ጠየቅነው።

ሰኞ

አከራይዋ ጉድጓዱን አስመጥጬ በድንጋይ አስሞላለሁ ብላለች። መቼ እንደሆነ እንጃ። ታምራት ቀዳዳው ላይ ላሜራ ደፋበት፣ በሩንም ቸነከረው። የምንታጠበው አልማዝ ቤት ነው።

ከሰዓት እማማ ከነቆጮአቸው ከች አሉ። ከበፊቱ የሚበልጥ ጥቅል። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ እምቢ አሉኝ። ራሳቸው ተሸክመው ኮሪደሩ ውስጥ ገቡና የተቸነከረው በር ፊት ለፊት አጋድመው አስቀመጡት። ሜሮንን ጠርተው «ከቆጮዬ ወዲያ አንድ እርምጃ፣ ወዮልሽ!» አሏት።

ታምራት በሩ እኮ ተቸንክሯል ሊላቸው አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት።

እኔ ኮሪደሩን ሳልፍ አሁንም ግድግዳውን ተደግፌ፣ በጣቴ ጫፍ ነው። ሜሮን ግን ቅድም ኳስዋን እያሳደደች እዚያ ድረስ በሩጫ መጣች። ቆጮው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ኳስዋን አነሳችና ተመለሰች።