ኦሪን ትቬይት፦ የስቶርላንድ ኮሌጅ ሰንሰለት ያዥ

አቶ ኦሪን ትቬይት ከአባታቸው ከአቶ ሰልመር ትቬይትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኢንጋ ሩድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1938 ዓ.ም. በሚኔሶታ፣ ከቬስቢ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ተወለዱ። የበረዶ ውሽንፍር ስለነበር ሐኪሙ የደረሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ቡናውን ግን ጠጥቶ ሄደ ይላሉ።

ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔ የባለቤታቸው የማርሊስ ታናሽ እህት ቨርና ነኝ። ቤተሰቡ ለእኔ የሰጠኝ ወድዶኝ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ፉትቦል የማይወድ ሰው እኔ ብቻ በመሆኔ ነው። ሌላው ቢጽፈው ከሜዳው ሳይወጣ ቀብሩ ይመሽ ነበር።

አቶ ኦሪን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በእርሻው አጠገብ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በቬስቢ ተከታትለው በ1956 አጠናቀቁ። በዚያው መኸር ስቶርላንድ ኮሌጅ ገቡ፤ ወዲያውም የኮሌጁን የፉትቦል ቡድን፣ ሽመላዎችን፣ ተቀላቀሉ። ቁመት ነበራቸው። ሞላላዋን ኳስ አቅፎ የመሮጡን ነገር ግን ፈጣሪ ለታላቅ ወንድማቸው ሰጥቶት ኖሯል፤ መኸሩ እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ ሜዳ አልገቡም። እናታቸው የልጃቸው ማልያ እንደ ሌሎቹ ለማጠብ አያስቸግርም እያሉ ያመሰግኑ ነበር። በየካቲት አባታቸው በረዶ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ታላቅ ወንድማቸው ያኔ ውትድርና ላይ ስለነበሩ ላሞቹን የሚያልብ ሰው ጠፋ፤ አቶ ኦሪን ትምህርቱን ጥለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ ተማሪ አድርጎ አላያቸውም። እሳቸው ግን ከኮሌጁ አልወጡም።

እርሻው ለታላቅ ወንድማቸው ሲተላለፍ፣ በ1961 ከተማ ገብተው በሊንድግሬን የእርሻ መሣሪያ መደብር የመለዋወጫ ሻጭ ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2003 ድረስም ከዚያው ባንኮኒ ጀርባ አልተነሱም። ሰኔ 16 ቀን 1962 ከእህቴ ከማርሊስ ጋር በቬስቢ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ማርሊስ በመስከረም፣ ዛፎቹ ቀይ ሲሆኑ መጋባት ትፈልግ ነበር፤ እሳቸው በትሕትና ሰኔ ይሻላል አሉ። ምክንያቱ የገባት በመጀመሪያው የትዳር መኸር፣ የፉትቦሉ ወቅት ሲከፈት ነው። በ1964 ጃኔልን፣ በ1967 ሎወልን ወለዱ።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ የቬስቢ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቁን ዩኒቨርሲቲ በቴሌቪዥን ያያል እንጂ ከቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ያለውን የስቶርላንድን ሜዳ አያይም ነበር። አጥሩን ተደግፈው የሚያዩት የተጫዋቾቹ ወላጆች፣ ጥቂት ጡረተኞችና ውሾቻቸው ናቸው። አቶ ኦሪን ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በ1965 አንድ ሰንሰለት ያዥ ወደ አሪዞና ሲሄድ እሳቸው ተተኩ፤ ሹመት ያገኙ ይመስል ለዚያ ቀን አዲስ ጫማ ገዙ።

ከሩቅ ለመጣችሁ ለቀስተኞች ሥራው ይህ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መራመድ አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ለተጋጣሚው ይለቃል። ያን አሥር ያርድ የሚለካው በሁለት ዘንጎች መካከል የታሰረ ሰንሰለት ነው፤ በሜዳው ዳር ይዘውት የሚቆሙትም ሦስት የከተማው ሰዎች ናቸው። ደመወዙ አንድ ቋሊማ በዳቦና አንድ ብርጭቆ ቡና ነው። ግዴታው ደግሞ አለማዳላት፦ ሰንሰለት የያዘ ሰው አያጨበጭብም፣ አይጮኽም፣ አይቆጣም። እንግዲህ በዚህ ከተማ ሽመላዎችን ከማንም በላይ የሚወዱት ሰው፣ ለሃያ ሦስት ዓመት ለተጫዋቾቹ ከማንም በላይ ቀርበው፣ አፋቸውን ለጉመው ቆሙ። ማርሊስ ቅዳሜ ማታ ሲገቡ ከንፈራቸውን አይታ ውጤቱን ታውቅ ነበር፤ ተሸንፈው ከሆነ ነክሰውት ያብጣል።

ሎወል የአባቱን ቁመትና የአጎቱን እግር ይዞ ተወለደ። በ1985 ስቶርላንድ ገባ፤ ኳስ ተሸካሚም ሆነ። በኅዳር 1988፣ የመጨረሻ ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከማርበሪ ኮሌጅ ጋር ነበር። ስቶርላንድ ካሸነፈ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኛል። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ መጣ። እኔም ሄጃለሁ፤ የእህቴን ብርድ ልብስ ተጋርቼ ነበር የተቀመጥኩት።

ሽመላዎቹ በሁለት ነጥብ እየመሩ ሰዓቱ ሊያልቅ ነበር። አራተኛው ሙከራ ላይ ጥቂት ጎደላቸው። አሰልጣኙ ኳሱን በእግር አርቆ ማስመታት ይችል ነበር፤ ይህን በኋላ ማንም አላነሳበትም። ኳሱን ለሎወል ሰጠው። ልጃችን በጭቃው ውስጥ ከአሥር ሰው ሥር ተቀበረ። ሲነሡለት ኳሱ ሊደርስ ይችላል፣ ላይደርስም ይችላል፤ ሰንሰለቱ ተጠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሰንሰለቱ ከዳር ወደ መሐል ሲወሰድ ቦታውን እንዳይስት፣ በሜዳው ላይ ከተቀቡት ነጭ መስመሮች አንዱን በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ መቆንጠጫ ይደረግበታል። የመስመሩ ውፍረት አንድ ጋት ነው፤ ስለዚህ የፊትና የኋላ ሁለት ጠርዝ አለው፤ የኋላው ቡድኑ ከመጣበት ወገን ያለው ነው። በሌላው አገር ሁሉ የሚቆነጠጠው የኋላው ጠርዝ ላይ ነው። በቬስቢ ግን ሥራውን ያስጀመሩት ሽማግሌ ከፊተኛው ጠርዝ ላይ ይቆነጥጡ ስለነበር ልማዱ እንደዚያው ቀረ፤ የእኛ ሰው አንዴ የያዘውን አይለቅም። ለወትሮው የሚመጡት ዳኞችም ይህን ያውቃሉ። ያን ቀን የመጣው ዳኛ ግን እንግዳ ነበር። መቆንጠጫውን ይዞ ሄዶ፣ እንደ ሌላው አገር፣ የኋላው ጠርዝ ላይ አሳረፈው። ሰንሰለቱ በአንድ ጋት ወደ ኋላ ቀረ፤ የኳሱም አፍንጫ ከዘንጉ በሁለት ጣት አለፈ። ዳኛው እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። ተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ወረዱ፣ ማርሊስ ብርድ ልብሱን ጥላ ተነሣች፣ ሎወል ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ።

ስሕተቱን ያዩት ሦስቱ ሰንሰለት ያዦች ብቻ ናቸው። ሁለቱ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አቶ ኦሪን ወደ ዳኛው ሄዱ።

«ጌታዬ፣ እኛ የምንቆነጥጠው የፊቱን ጠርዝ ነው» አሉት።

ዳኛው እንደገና ለካ። ኳሱ በሁለት ጣት ጎደለ። ለማርበሪ ተሰጠ፤ ማርበሪም የቀረችውን ደቂቃ ተጠቅሞ ኳሱን በምሰሶዎቹ መካከል መታና ሦስት ነጥብ አግኝቶ በአንድ ነጥብ አሸነፈ።

ማታ ማርሊስ ድንች የተደረደረበት ሥጋ በምድጃ ጋግራ አቀረበች፤ የነካው የለም። ሎወል አባቱን ቀና ብሎ አይቶ፣ «አንተ አባት አይደለህም፤ ዳኛ ነህ» አለና ከገበታው ተነሣ። በሚቀጥለው ግንቦት ሎወል ተመርቆ ኦሪገን ሄደ፤ ሥራም ትዳርም እዚያው ያዘ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በቬስቢ ሲጠራ ግን ጊዜ ወሰደ። ሰው ለመለዋወጫ ሲመጣ ባንኮኒው ላይ የብረት ሜትር ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ካፌ ሲገቡ አንዱ ስኒውን ያነሣና «ኦሪን፣ እስቲ እየኝ፣ ሞልቷል ወይስ ጋት ይጎድለዋል?» ይላል፤ ጠረጴዛው ይስቃል። ኮሌጁም ለአንድ ዓመት ይረፉ አላቸው። ዓመቱ አላለቀም፤ ሰንሰለቱን ዳግመኛ አልያዙም።

ቅር ይላቸዋል ብለን ነበር። በ1989 መስከረም ትኬት ገዝተው እንደ ሰው ሁሉ ተመልካች ወንበር ላይ ተቀመጡ። አሁን መጮኽ ተፈቅዶላቸዋል፤ አልቻሉበትም። አፋቸውን ከፍተው ሲሞክሩ ማርሊስ ታነቁ መስሏት ጀርባቸውን መታች። በጭብጨባ ጸኑ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ የሄደበት ሁሉ ሄዱ፦ አዮዋ፣ ዊስኮንሲን፣ ሁለቱም ዳኮታዎች። ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ የከረመበት ዓመት ነበር፤ እሳቸው ከአንዱም አልቀሩም። የምስጋና በዓል ሲመጣ አገራቸው ሩቅ የሆነባቸውን ተጫዋቾች ሰብስበው ያበሉ ነበር። የሚበላው ሌላው ነው፤ ድንች የምልጠው ግን እኔ ነኝ።

ሎወል ቅዳሜ ማታ ለእናቱ ይደውላል። አባቱ ካነሡት ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ፣ ከዚያ «እማዬ አለች?» ይላል። ማርሊስ በ2011 በካንሰር አረፈች። ከዚያ በኋላ ስልኩን የሚያነሣ ሌላ ሰው ስላልነበረ አባትና ልጅ ከአየር ጠባይ ወደ ውጤት አለፉ፤ ከውጤት ወደ ጉልበት ሕመም። ስለዚያ ቀን አልተነሣም።

ከተማው በበኩሉ ሐሳቡን ለውጦ ነበር። የተቆጡት አርጅተው ሞቱ፤ ልጆቻቸው ታሪኩን ሌላ አደረጉት። በ2015 ኮሌጁ አቶ ኦሪንን በጨዋታ እረፍት ሜዳ መሐል አቁሞ አከበራቸው። ፕሬዚዳንቱ ገና ወጣት ሴት ነበሩ፤ ለገዛ ልጁ እንኳ ያላዳላ ሰው ብለው ሲናገሩ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። አቶ ኦሪን ሽልማቱን ተቀብለው፣ አመስግነው ወረዱ። ቤት ሲገቡ ሥዕል መስቀያው ላይ ልስቀለው ብላቸው፣ ምድር ቤት ይቀመጥ አሉኝ። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

በ2022 ልባቸው ደከመ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አያዋጣም አሉ። በሚቀጥለው ነሐሴ ሎወል ከሥራው ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ የልጅነት ክፍሉ ውስጥ፣ እግሩ ከአልጋው ተርፎ እየተኛ ያስታምማቸው ጀመር። መስከረም 23 ቀን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሜዳው ወሰዳቸው። ሽመላዎቹ ተሸነፉ፤ ይህ ማንንም አላስደነቀም። ሎወል ደግፎ መኪና ውስጥ ካስገባቸው በኋላ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?» አላቸው።

አቶ ኦሪን የተጠየቁት ስለ የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቁም። ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው እያረፉ መለሱለት።

«ኳሱን የያዘው የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር» አሉ። «ደስ ብሎኝ ዝም እል ነበር። አንተ ግን ልጄ ነህ፤ ያንተ ያልሆነውን ሰጥቼህ ዕድሜ ልክህን ተሸክመኸው ስትዞር ማየት አልቻልኩም።»

ሎወል ይህን ሲነግረኝ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ወጥ ቤት ቆሞ በሰሃን ማድረቂያው ፊቱን ይጠርግ ነበር። እኔም አልቅሻለሁ።

አቶ ኦሪን ትቬይት ጥቅምት 17 ቀን 2023፣ በተወለዱ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው ጃኔልና ሎወል አጠገባቸው ሳሉ በቤታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ጌርሃርድን፣ እኔን፣ እንዲሁም በዚህ ዓመትም የሚያሸንፍ የማይመስለውን ቡድናቸውን ትተው ሄደዋል። ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ አለ።

ለሁላችን ፈጣሪ መጽናናትን ይስጠን፤ የእሳቸውንም ነፍስ ከማርሊስ ነፍስ ጎን በሰላም ያሳርፍልን። በዚህ ጽሑፍ ረቂቅ ላይ፣ መዝጊያው አጠገብ፣ አቶ ኦሪን ለማንም የማያዳሉ ሰው እንደነበሩ ጽፌ ነበር። ሎወል ትናንት ጠዋት አነበበውና እርሳሱን ከእጄ ወሰደ። «አክስቴ፣ ይሄን እናውጣው» አለኝ። «ለእኔ አዳልቷል።»