ከእናቴ አጥር የመጣው አዞ ሐረግ

ዓርብ፣ ሐምሌ 3፣ ጠዋት 12፡30
ደብተሬ፣ ዛሬም ከቢሮ በፊት ትግል። ጓንት፣ መቀስ፣ ሲባጎ። ትናንት ወደ አጥሩ መልሼ ያሰርኩት አዞ ሐረግ አድሮ አሸንዳው ላይ ወጥቷል። ባሌ ታደሰ በመስኮት እያየ ይነጫነጫል፤ ጣሪያውን ሊበላው ነው ይላል። ይብላው! እናቴ እዚያ ሆመቾ አገራችን ስታርፍ ወንድሞቼ መሬቱን ተካፈሉ። እኔ ከአጥሯ ሥር ይህን ነቅዬ መጣሁ። ድርሻዬ እሱ ነው። ክረምቱ ሲወጣ አበባው አጥሩን ነጭ ያለብሰዋል፣ ልክ እንደ እሷ ደጅ።

እሑድ፣ ሐምሌ 5
ቆረጠው። ከቤ/ክ ስመለስ አጥሩ ራቁቱን ቆሟል። ሥሩን እንኳ አልተወም። አሸንዳው ተደፍኖ ዝናቡ ሳሎን ገባ፣ ምን ላድርግ ይላል። ጮህኩበት። ጎረቤታችን ወ/ሮ ኑሪያ ተይ ብትለኝ እሷንም ተቆጣሁ። የሐረጉ ጭማቂ እንደሚያቃጥል አያውቅም፤ በባዶ እጁ ነው የያዘው። ማታ መዳፉ ውሃ ቋጠረ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም በራሴ ተናደድኩ። ቅባት ግን አልሰጠሁትም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 21
እራት እሰጠዋለሁ፤ ቃል አልሰጠውም። ልጃችን ማርታ ከዱራሜ ደውላ ታረቁ አለችኝ። ነፍሰ ጡር ሆና እኔን ትመክራለች! ለአራስነትሽ ቡላ ትልቁን እንሰት በመስከረም አስፍቃለሁ አልኳት። አባቷን ስታነሳ ስልኩን ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 16፣ ከሰዓት
ጉድ ነው! በንዴት የረሳሁት ጓሮ ገባሁ። የማርታ እንሰት በሐረግ ተጠምጥሟል። በእኔው አዞ ሐረግ! የቤት ጥራጊ ሁሉ እንሰት ሥር አይደል የሚጣለው? ሰውየውም ቁርጥራጩን እንደ ፍግ ከምሮታል፤ በክረምቱ ጭቃ ሥር ሰደደ። እንሰት የሴት ነው ብሎ ተመልሶም አላየው። ሳቄ መጣ። ከዚያ እንባዬ። ከዚያ እንደገና ንዴቴ። እዚህ ከቆየ የልጄን ቡላ ያሳጣኛል። እነቅለዋለሁ። አልጥለውም ግን።

እሑድ፣ ነሐሴ 17
ቤ/ክ ቀረሁ። ሐረጉን ከነሥሩ አወጣሁት። ታደሰ በረንዳ ላይ ቆሞ ያያል። አካፋውን እግሩ ሥር ጣልኩለት። ገባ፣ ሁለት እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። ሳቄን ዋጥኩ። ሐረጉን እንደያዝኩ ከጣሪያው ርቄ፣ ማንንም የማያስነካው የአቮካዶ ዛፉ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። አቮካዶውን አየ፣ እኔን አየ። ሐረጉን ከቆረጠበት እሑድ ወዲህ ለእሱ የመጀመሪያ ቃሌን አወጣሁ፦ ቆፍር።